በመርከብ ለሽርሽር ለሚወጣ ቤተ ሰብ የሚሆን ምክር



ሰው ከሥራው ድካም የሚያርፍበትን ጥቂት ቀን ከቤተ ሰቡ ጋራ ማሳለፉ ለሰውነቱም ለመንፈሱም እንደሚጠቅም የታወቀ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን ክሩዝ በተባለው የመርከብ ሽርሽር ለማስደሰት ሲያስቡ፥ ባልና ሚስትም ሕፃናታቸውን ይዘው በዚሁ መንገድ ለመሄድ ሲመክሩ እንሰማለን። አሳቡ መልካም ነው፤ ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን መርከቡን ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መመለስ ድረስ ሊታሰብበት የሚገባውን ነገር በየተራው እናመለክታለን።

አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ስለ ሆንን የባሕር ጉዞ ሥርዐት እንግዳ ይሆንብናል። በምድር የሚሄድ መንገደኛ አንድ ነገር ቢጎድለው ከመንገድ ዳር ገዝቶ ይሞላዋል፤ በመርከብ የሚሄድ ግን ወደቡን ከለቀቀ በኋላ የረሳውን መድኃኒት ወይም ያልያዘውን ወረቀት ከባሕር መካከል ሊያገኝ አይችልም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለ መርከቡና ስለ ወራቱ

ለሽርሽር ብቻ የሚደረግ የባሕር ጉዞ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ታሪክ አለው። ከሐምቡርግ መርከብ ኩባንያ መሪዎች አንዱ የነበረው አልበርት ባሊን፥ አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ በክረምቱ ወራት ሥራ ፈትታ እንዳትቆም አስቦ፥ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. መንገደኞች አሳፍሮ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር እንድትሄድ አደረገ። ያን ጊዜ መንገደኞቹ ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ዓ.ም. ከማያሚ ወደብ የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ 365 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትና እስከ 7,600 መንገደኞች ልትይዝ የምትችል ናት። ይህን ያህል ሕዝብ የያዘች መርከብ በውሃ ላይ የምትሄድ ከተማ መሆኗ ነው። ስለዚህ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ብዙ መዋኛና መጫወቻ ያላትን ታላቅ መርከብ ቢመርጥ ይጠቀማል፤ አረጋውያን ወላጆችን የሚወስድ ግን ግርግር የሌለባት፥ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ ብዙ የማታስኬድ መካከለኛ መርከብ ብትሆን ይሻለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከማያሚ ወይም ከአጠገቡ ካለው የፎርት ላውደርዴል ወደብ ተነሥቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለሰውን የሦስት ወይም የአራት ቀን ጉዞ ቢሞክር መልካም ነው። ባሕሩ ተስማምቶት እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሜክሲኮን፥ ጃማይካንና ሌሎቹን የካሪቢያን ደሴቶች የሚያዞረውን የሰባት ቀን ጉዞ ሊይዝ ይችላል።

የካሪቢያን ባሕር የዐውሎ ነፋስ ወራት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው ተብሎ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቈጠራል። ከዚህም ውስጥ ነፋሱ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ዋጋው የሚረክሰው ስለዚህ ነው። መርከቡ ከነፋሱ ይሸሻል እንጂ ወደ ነፋሱ አይገባም፤ ነገር ግን ካፒቴኑ መንገዱን ለውጦ ወዳላሰባችሁት ወደብ ሊወስዳችሁ ወይም መመለሻውን ሊያዘገየው ሙሉ ሥልጣን አለው። በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው፥ ቅዱስ ጳውሎስን የያዙት ሰዎች የመርከብ ጉዞው ወራት ማለፉን ሲነግራቸው አልሰሙትምና ቀርጤስን ለቀው በማልታ ዳርቻ መርከባቸው ተሰበረ። የዛሬው መርከብ እንደዚያ ዘመኑ መርከብ አይደለም፤ ወራትን መርምሮ መነሣት ግን ዛሬም ጥበብ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንንም የቀን መቍጠሪያ አብሮ መመልከት ያስፈልጋል። በፈረንጆች ገና ሰሞን ዋጋው እጅግ ይወደዳል፤ ወዲያው ከዚያ በኋላ ባለው በጃንዋሪ ወር ይቀንሳል። ነገር ግን በዚያው ወር የእኛ ልደትና ጥምቀት ይውላሉና፥ ርካሽ ነው ብሎ ቀን የያዘ ቤተ ሰብ በዓሉን በባሕር ላይ እንዳያሳልፍ አስቀድሞ ይመልከት።

ስለ ዋጋው

በማስታወቂያ የሚወጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሲያድሩ እያንዳንዳቸው የሚከፍሉት ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሊከፍል ይችላል፤ በዚያው ክፍል የሚጨመረው ሦስተኛና አራተኛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ የወደብ ክፍያና ታክስ ገብቶበት እንደ ሆነ ይጠየቅ። የመኝታ ክፍሉና የተራው ምግብ ቤት በዋጋው ውስጥ ናቸው፤ ለስላሳ መጠጥ፥ ኢንተርኔት፥ ልዩ ምግብ ቤት፥ ፎቶግራፍና በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝት ግን አብዛኛውን ጊዜ በተለይ ይከፈልባቸዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሠራተኞቹን ጉርሻ ነው። በታላላቆቹ የአሜሪካ መርከቦች ጉርሻው በፈቃድ የሚሰጥ ሳንቲም ሳይሆን በየሰው ላይ በየቀኑ የሚጻፍ ሒሳብ ነው፤ መጠኑም በቅርብ ዓመታት ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል ነው። እንግዲህ አራት ሰዎች ለሰባት ቀን ቢሄዱና በቀን 18 ዶላር ቢቈጠርባቸው፥ 504 ዶላር ከመርከቡ ዋጋ ውጭ ይከፍላሉ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ አባወራ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሒሳቡ ሲመጣለት ይደነግጣል።

ቀኑ የሚያዘው ቀብድ በመክፈል ነው። የቀረው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው እንደ ኩባንያው ደንብ ከጉዞው ከሁለት ወር ተኩል እስከ አራት ወር አስቀድሞ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጉዞውን የሰረዘ ሰው መነሻው በቀረበ መጠን ብዙ ገንዘብ ይቀርበታል። አንዳንዱ ቅናሽ ቀብዱ በማይመለስበት ውል የሚሰጥ ነውና፥ ውሉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ቀብድ እንዳይሰጡ አደራ እንላለን። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት ኩባንያዎቹ ገበያቸውን ለማስፋት ቅናሽ ስለሚያበዙ፥ ቀን ለመያዝ ምቹ ጊዜ ነው። ሆኖም የዓመት ዕረፍት ለማሳለፍ ሲባል በብድር መሄድን አንመክርም፤ ደስታው በሳምንት ያልቃል፥ ዕዳው ግን ዓመት ይከተላል።

ስለ ስምና ስለ ወረቀት

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ስሙን ሲያስመዘግብ በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ፊደል አንድም ሳይለወጥ ያስመዝግብ። በአገራችን ልማድ ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ፥ ልጅም በአባቱ ስም ስለሚጠራ፥ የአንድ ቤት ሰዎች በፈረንጅ መዝገብ የተለያየ የቤተ ሰብ ስም ያላቸው መስለው ይታያሉ። ስለዚህ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ልጁ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋራ ብቻ፥ ወይም ከአያቱ ጋራ የሚሄድ ከሆነ፥ ያልሄደው ወላጅ መፍቀዱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይያዝ።

ሁለተኛ፥ ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ባሃማስን አንድ ቀን ጐብኝቶ መመለስ በሕግ ዘንድ ከአገር መውጣትና እንደ ገና መግባት ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ከተነሣበት ወደብ በሚመለስ ጉዞ በልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ባለው መታወቂያ ሊሄድ የሚችልበት ደንብ አለ፤ ቢሆንም በመካከል ታሞ በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልገው ፓስፖርት የግድ ስለሚሆንበት ፓስፖርቱን ይዞ መሄድ ይሻለዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ከአገሩ ፓስፖርት ጋራ ይያዝ፤ የሁለቱም ጊዜ ያላለፈ ይሁን። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ቢቀረው መልካም ነው።

ጥገኝነት ተፈቅዶለት ግሪን ካርዱ ገና ያልደረሰው ሰው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሳያወጣ አይነሣ፤ ሰነዱም ብዙ ወራት ስለሚወስድ ማመልከቻው አስቀድሞ ይግባ። ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ግን ያለ ፈቃድ ከአገር ቢወጣ ጥያቄውን እንደ ተወው ሊቈጠርበት ይችላልና፥ ከጠበቃው ጋራ ሳይመክር የመርከብ ቀብድ እንኳ አይክፈል። ለሦስት ቀን ሽርሽር ተብሎ የብዙ ዓመት ተስፋ ሊጠፋ አይገባም።

ልጆቿን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጣችውን እናትም በዚህ አጋጣሚ በመርከብ እናንሸራሽራት የሚሉ ልጆች ብዙዎች ናቸው። የእናትየው ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መርከቡ ወደ ውጭ አገር ወደብ ሲደርስ ቪዛው ሥራውን ጨርሷል፤ ተመልሳ እንዳትገባ ልትከለከል ትችላለች። ለአውሮፓም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ከግሪክ ፒሬየስ ወደብ ተነሥተው የፍጥሞን ደሴትና የኤፌሶንን ፍርስራሽ ለማየት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ ኤፌሶን ግን በቱርክ ኩሻዳሲ ወደብ በኩል ስለሚደረስባት፥ መንገደኛው ከሼንገን አገሮች ወጥቶ እንደ ገና የሚገባ ስለ ሆነ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። መርከቡ የሚደርስባቸውን አገሮች ሁሉ በዝርዝር ጽፎ የየአገሩን ደንብ ከየኤምባሲው መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ የተጓዡ ፈንታ ነው። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ከወደብ ሲመለስ ኩባንያው ገንዘቡን አይመልስለትም።

ስለ መኝታ ክፍልና ስለ ሻንጣ

መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ርካሽ ነው፤ ባሕር የሚታይበት መስኮት ያለው ከዚያ ይበልጣል፤ በረንዳ ያለው ደግሞ ይወደዳል። ባሕሩ ያስቸግረኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ከመርከቡ መካከልና ከታችኞቹ ፎቆች ክፍል ይምረጥ፤ ሞገዱ ከሁሉ ያነሰ የሚሰማው በዚያ ነው። ላረጋውያን ከአሳንሰሩ አጠገብ ያለ ክፍል ይፈለግላቸው። በአንዳንድ ወደብ፥ ለምሳሌ በግራንድ ኬይማን፥ መርከቡ ከዳር ርቆ ይቆምና መንገደኛው በትንሽ ጀልባ ወደ የብስ ይወሰዳል፤ እግሩ ለደከመ ሰው ይህ አስቸጋሪ ስለ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ወደ ወደቡ ከተማ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ይገባል። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅምና። ታላቁ ሻንጣ በወደብ ለተሸካሚዎች ተሰጥቶ እስከ ማታ ላይደርስ ስለሚችል፥ ፓስፖርት፥ መድኃኒት፥ የሕፃን ወተትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። በመርከብ ላይ እሳት ከሁሉ የሚፈራ ጠላት ስለ ሆነ የልብስ ካውያ፥ ሻማ፥ ዕጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መግባት በብዙ ኩባንያዎች የተከለከለ ነው። እንግዲህ ጀበናና የዕጣን ማጨሻ በቤት ይቈዩ። በቤት የተሠራ ምግብም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ስለ ምግብና ስለ ጾም

የመርከብ ምግብ ብዙና ልዩ ልዩ ነው። የሚጾም ቤተ ሰብ ግን ቀኑን ሲያስመዘግብ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅለት በጽሑፍ ያሳስብ። በዚህ ጊዜ ቬጀቴሪያን ነኝ ማለት አይበቃም፤ ወተት፥ ዕንቍላልና ቅቤ በዚያ ስም ይገባሉና። ቪጋን የሚለውን ቃል መጠቀም ይገባል። እንዲህም ሆኖ ሾርባው በዶሮ መረቅ፥ አትክልቱም በቅቤ የተሠራ እንደ ሆነ አስተናጋጁን መጠየቅ ነው። በዋናው ምግብ ቤት በአንድ ገበታ በየማታው የሚቀመጥ ቤተ ሰብ ከአስተናጋጁ ጋራ ይተዋወቃል፤ የነገውን የምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ አይቶ ቢያዝዝ ወጥ ቤቱ በደስታ ያዘጋጅለታል። ተማርሮ ከመጾም ይልቅ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ሰው ራሱ እያነሣ በሚበላበት አዳራሽ ልጆች በሳሕናቸው ላይ የማይበሉትን እንዳይከምሩ ይመከሩ። ዋጋው ተከፍሏል ተብሎ እንጀራ አይጣልም።

ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት

የባሕር ሕመም የሚይዘው ሰው ሐኪሙን አማክሮ መድኃኒት ይያዝ፤ መድኃኒቱም ማቅለሽለሹ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ዝንጅብልና ደረቅ ብስኵት ይረዳሉ፤ ወደ ሰገነት ወጥቶ ሩቁን አድማስ መመልከትም እንዲሁ። ብዙ ሕዝብ በአንድነት በሚኖርበት መርከብ ኖሮቫይረስ የተባለው የተቅማጥና የትውከት በሽታ በፍጥነት ይተላለፋል። ይህን በሽታ የአልኮል ቅባት በደንብ አያጠፋውም፤ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ዋናው መከላከያ ነው።

ብዙ ኩባንያዎች ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን አይቀበሉም፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ደግሞ አንድ ዓመት መሙላት አለበት። ነፍሰ ጡርም በጉዞው ጊዜ 24ኛ ሳምንቷን የምትጀምር ከሆነ አትሳፈርም። በመርከቡ ሐኪም አለ፤ ነገር ግን ሕክምናው በገንዘብ ነው፤ በአገር ውስጥ ያለው ኢንሹራንስም ላይከፍል ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛን ከመርከብ ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝን ወጪ የሚጨምር የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ለአረጋውያን ግዴታ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም።

በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ማንም ሰው እንደ ጨዋታ አይቍጠረው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ዓ.ም. ታይታኒክ ስትሰጥም ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ስለ ነፍስ ማዳን የተደረገው የዓለም ስምምነት ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈረመው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ በኢጣልያ ጂሊዮ ደሴት ዘንድ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፥ በዚያው ቀን ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ እንዲደረግ ተደነገገ። ሰባት አጫጭር ፉጨትና አንድ ረዥም ፉጨት የተሰማ እንደ ሆነ መሰብሰቢያ ቦታችሁ የት እንደ ሆነ፥ ላይፍ ጃኬቱም የት እንደሚገኝ ልጆች ሳይቀሩ ይወቁ። አባትና እናት በተለያየ ቦታ ሳሉ አደጋ ቢደርስ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ በመጀመሪያው ማታ ተነጋገሩ።

በአንዳንድ መርከቦች በመዋኛው ዘንድ የሚጠብቅ ዋናተኛ የለም። ልጅ በሚዋኝበት ጊዜ ወላጅ ዓይኑን ከስልኩ አንሥቶ በልጁ ላይ ያድርግ። በበረንዳ ያለውን ወንበር ልጅ ወደ አጥሩ አስጠግቶ እንዳይወጣበት ወደ ውስጥ ይግባ።

በመርከቡ ላይና በየወደቡ

በመርከብ ላይ የሚገዛው ሁሉ በአንድ ካርድ ይመዘገባል። ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ ስለማይታይ ወጪው ይበዛል፤ ልጆችም በካርዳቸው ያለ ልክ እንዳይገዙ ወሰን ይደረግ። ሒሳቡን በየሁለት ቀኑ መመልከት ስሕተት ቢኖር በጊዜ ለማረም ይረዳል። ስልክ ከወደብ እንደ ተነሣችሁ በአውሮፕላን ጊዜ እንደሚደረገው ይዘጋ፤ የመርከቡ የስልክ መሥመር እጅግ ውድ ነውና። ቁማር ቤቱም ጐልቶ በመተላለፊያ መንገድ ላይ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማለፍ ነው።

በየወደቡ ከመርከብ ስትወርዱ የእጅ ሰዓታችሁ በመርከቡ ሰዓት መሆኑን አረጋግጡ፤ የየብሱ ሰዓት ሊለይ ይችላል። በመርከቡ በኩል ለተዘጋጀ ጉብኝት የሄደውን ሰው መርከቡ ይጠብቀዋል ወይም ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሰዋል፤ በራሱ የሄደ ሰው ግን ቢዘገይ በገዛ ገንዘቡ ይከተላል። በራሳችሁ ከሄዳችሁ ከተወሰነው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ።

ጃማይካ የሚደርሱ ወገኖቻችን፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ የተቀበላቸውን ኪንግስተንን ለማየት ይመኛሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ መርከቦች የሚቆሙት በሰሜን ዳርቻ በፋልማውዝ፥ በኦቾ ሪዮስና በሞንቴጎ ቤይ ሲሆን፥ ኪንግስተን በተራሮች ማዶ በደቡብ ናት። በጥቂት ሰዓት ሄዶ ለመመለስ መቸኰል ከመርከብ ያስቀራል። ኪንግስተንን ማየት የፈለገ ሰው ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ይሂድ።

በመጨረሻም፥ የቀኑን ፕሮግራም ሁሉ ለመጨረስ እየሮጡ ደክሞ መመለስ ዕረፍት አይደለም። ከቀኑ አንዱን ክፍል ለጨዋታ፥ አንዱን ለጸጥታ መድቡ። አመሻሽ ላይ ከሰገነት ተቀምጦ ፀሐይ በባሕር ላይ ስትገባ ከልጆችና ከወላጆች ጋራ ማየት ተጨማሪ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ በቤት በሥራ ብዛት ያልተወራው ወሬም የሚወራው በዚያ ጊዜ ነው።

ወረቀታችሁን አሟልታችሁ፥ ሒሳባችሁን አስባችሁ የምትነሡ ሁሉ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።